ግንባሬ እየሳሳ ነው፤ ለሠርግ ምን ልሠራ?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ ዕድሜዬ 26 ነው። ፋብሪካ ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ ቆብ አደርጋለሁ። ለዓመታት ሪላክሰር ስጠቀም ቆይቼ ፀጉሬ መበጣጠስ ሲያበዛ ባለፈው ክረምት አሳጥሬ ቆረጥኩት። አሁን አራት ጣት ያህል ሆኗል። ግን ግንባሬ ላይና ከጆሮዬ በላይ ሳስቷል። ጥር ውስጥ ሸዋ ሮቢት የአክስቴ ልጅ ሠርግ አለ፣ ሚዜ ነኝ። አጭር ሹሩባ መሠራት አስቤያለሁ። ምን ዓይነት ይሻለኛል? ዊግ ይግባበት ወይስ ይቅር? ምን ያህል ላቆየው? እናቴ ደግሞ ቅቤ ካልተቀባሽ አይሆንም ትለኛለች።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድምልሽ። ዊጉ ይቅርብሽ። ከኋላ ያለውን ፀጉር ያለ ዊግ ወፈር ወፈር ባለ ቁጥርጥር ተሠሪው። ከፊት ያለውን ሁለት ጣት ያህል ስፋት ግን ለሹሩባ አትስጪ። እሱን ላላ አድርገሽ ጠምዝዢና ወደ ኋላ አስተኚው። ቢበዛ ሦስት ሳምንት ይቆይ። ቅቤውን አልከለክልሽም፤ ጊዜና ቦታ ግን አለው። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ አለዚያ የሠርጉ ሰሞን አንዷ ዘመድ «ኧረ ይሄማ ለሚዜ አይሆንም» ስትልሽ እጅ ትሰጫለሽ።

በመጀመሪያ ስለ ግንባርሽ። ፀጉር ስለተወጠረ ብቻ ወዲያው አይነቀልም። በየቀኑ ሲጎተት ግን ሥሩ ይቆጣል። ከዚያ የሚበቅለው እየቀጠነ ይሄዳል። ለዓመታት ከቀጠለ ቦታው ይጠባሳል፤ ጠባሳ ላይ ፀጉር አይበቅልም። የቆዳ ሐኪሞች ትራክሽን አሎፔሺያ ይሉታል፣ በመወጠር የሚመጣ መመለጥ። የእኛ ፀጉር ብቻ ጣጣ እንዳይመስልሽ። በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1907 ግሪንላንድ ውስጥ ነው፤ ፀጉራቸውን አጥብቀው ወደ ላይ የሚያሥሩ ሴቶች ላይ። ኬፕ ታውን ውስጥ በተደረገ ጥናት ደግሞ ከአዋቂ ሴቶች ሲሶ ያህሉ ላይ ታይቷል። ጥሩው ነገር፣ በጊዜ ከተደረሰበት ይመለሳል።

አንቺ በጊዜ ደርሰሽበት እንደሆነ ለማወቅ ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ቁሚና በመስታወት እዪው። ግንባርሽ ከፀጉርሽ በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀጫጭን፣ አጫጭር ፀጉሮች ቀርተው ከእነሱ ወደ ኋላ ደግሞ ገለጥ ያለ ቦታ ካለ፣ የመወጠር ምልክት ነው። ቀጫጭኖቹ የተረፉት አጭር ስለሆኑ ሹሩባው ውስጥ ስለማይገቡ ነው። አሁን የሳሳውን ቦታ ቆዳ ቀረብ ብለሽ እዪ። ጥቃቅኖቹ የፀጉር ቀዳዳዎች ይታያሉ? ከታዩ ሥሩ አለ፣ ዕረፍት ካገኘ ያበቅላል። ቆዳው ልስልስ ብሎ የሚያብረቀርቅ፣ ቀዳዳውም የማይታይ ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል፤ የትኛውም ቅባት አያድነውም። በስድስት ወር ውስጥ ሳስቶ ያየሽው ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሪላክሰሩን መተውሽ ትልቅ ነገር ነው። ፀጉሩ ሲለሰልስ ውስጡ ያሉት ማያያዣዎች ይፈታሉ፣ ዘለላው ይደክማል። በለሰለሰ ፀጉር ላይ ጥብቅ ሹሩባ ሲደረብ ጉዳቱ ከሁሉም ይከፋል። የቀረሽ ጠላት ቆቡ ነው። ላስቲኩ የሚያርፈው ልክ የሳሳው መስመር ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይፈትገዋል። ከቆቡ ሥር ቀጭን የሳቲን ሻሽ እሠሪ። ወይም ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደሽ የቆቡን ውስጥ በሳቲን አስለብሺው። ላስቲኩን ደግሞ ከፀጉሩ መስመር ዝቅ አድርገሽ ግንባርሽ ቆዳ ላይ አሳርፊው። አለቃሽ ፀጉር እንዳይታይ ነው የሚፈልገው፣ ላስቲኩ የት እንዳረፈ አይቆጣጠርም። ብርዱን ብለሽ ማታ ማታ የምታደርጊው የሱፍ ኮፍያ ካለም ያው ነው፤ ሱፍ እርጥበት ይመጥጣል፣ ፀጉር ይፈትጋል። በሱፍ ብርድ ልብሷ የታወቀች ከተማ ውስጥ ሆነን ሱፍ ማማት ደስ አይልም፤ ግን ፀጉር ላይ ሲሆን ከሥሩ ሳቲን ይግባበት።

አሁን ወደ ምርጫው። ዊግን የምከለክልሽ ስለማያምር አይደለም። አጭር ፀጉር ላይ ዊግ ሲሠራ የሚሆነውን ስለማውቅ ነው። አራት ጣት ፀጉር ዊጉን ለመያዝ በቂ አይደለም፤ ይንሸራተታል። እንዳይንሸራተት ሠሪዋ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ከሥሩ ታጠብቀዋለች። ከዚያ የዊጉ ክብደት አለ። ስትተኚ፣ ስትዞሪ፣ ስትጨፍሪ ያ ሁሉ የሚንጠለጠለው በሥሩ ላይ ነው። አሁን ኖትለስ የሚሉት አሠራር አለ፤ ሥሩ ላይ ዊጉ ሳይቋጠር በራስ ፀጉር ተጀምሮ ዊጉ ወደ ታች ሲወረድ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ከድሮው እሱ ይሻላል። እስከ አገጭ የሚደርስ ቦብ ተሠርቶ ቀጠን ያለ ዊግ ቢገባበት ጤነኛ ግንባር ላላት ሴት ችግር የለውም። ያንቺ ግንባር ግን አሁን ታማሚ ነው፤ ታማሚ ደግሞ ሸክም አይጫንበትም።

ለሥራሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቆዳ ላይ የሚተኛ ነጠላ ሹሩባ እመርጥልሽ ነበር። ስድስት ወይም ስምንት መስመር ቢሆን ቆብ ሥር ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል፣ አይጎረብጥም። ለሚዜ ግን ትንሽ ጭር ይላል፤ በአጭር ፀጉር ላይ ደግሞ ጫፉ ማጅራት ላይ ቶሎ ያልቃል። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ለሥራ ቀን አስቢው። ያኔም ቢሆን መስመሩ ከግንባር አይጀምር፤ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ገብቶ ይጀመር።

አልባሶ? መጠየቅሽ አይቀርም፤ ባትጠይቂም ሌላ ሰው ይጠይቅልሻል። ለሐበሻ ቀሚስ አልባሶ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትል በየሠርጉ አትጠፋም። እኔም አልባሶ እወዳለሁ። ግን ውበቱ ወፍራሙ ሹሩባ ከግንባር ተነሥቶ ጥንቅቅ ብሎ መውረዱ ነው፤ አራት ጣት ፀጉር ላይ ደግሞ ያለ ዊግ አይወጣም። ሁለቱም ላንቺ አሁን የተከለከሉ ናቸው። የሚመጣው ዓመት ይደርሳል።

ቁጥርጥሩን የመረጥኩት ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚጎነጎን ወደፈለገው አቅጣጫ ይዞራል፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይወጠርም። ውፍረቱ የእርሳስ ያህል ይሁን። ሥሩ ላይ የሚከፈለው ቦታ ደግሞ ቢያንስ የአውራ ጣት ጥፍር ይሙላ። ቀጫጭን ሲሆን ያምራል፣ ይቆያልም፤ ግን እያንዳንዱን የሚሸከመው ፀጉር ጥቂት ይሆናል፣ ሲፈታም ዕዳ ነው። መክፈያውን በሁሉም ቦታ ቀጥ ባለ መስመር አታስደርጊ። እንደ ጡብ ግንብ የላይኛው መስመር የታችኛውን ክፍተት ከሸፈነ በአጭር ፀጉር ላይ ቆዳው እየታየ አያሳቅቅሽም።

የፊቱ ፀጉርስ? እሱን ራስሽ ሥሪው። ሁለት ዘለላ እርስ በርሱ የሚጠመዘዘው ነው፤ ልጆቹ ትዊስት የሚሉት። በአጭር ፀጉር ላይ በሳምንት ይላላል። ለሌላው ጉድለቱ ነው፣ ላንቺ ግን ጥቅምሽ ነው፤ በየሳምንቱ ፈተሽ፣ አሳርፈሽ፣ በሌላ አቅጣጫ ታስተኚዋለሽ። ትንሽ የተልባ ውሃ በጣትሽ ካስነካሽው ይያዝልሻል። ተልባውን ቀቅለሽ ሳይወፍር በፊት በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ብቻ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ አይጠልም። የተረፈው ስለሚበላሽ ፍሪጅ ከሌለሽ ለአንድ ጊዜ የሚሆን ብቻ አዘጋጂ። በጥርስ ብሩሽና በጄል የግንባር ፀጉርን በየጠዋቱ እየጠረጉ ማስተኛት የሚባለውን ፋሽን ግን እርሺው። የተረፉትን ቀጫጭን ፀጉሮች የሚጨርሰው እሱ ነው።

(በነገራችን ላይ ወንድምሽ እኔም ልሠራ ካለ አትሳቂበት። አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስም የሚታወቁት በሹሩባቸው ነው። ስለ ግንባር የነገርኩሽ ለእሱም ይሠራል።)

ከሁሉም የሚከብደው ከሠሪዋ ጋር መነጋገር ነው። ሳሎን ብትሄጂ ልጅቷን በግልጽ ታዣታለሽ። ሰፈር ውስጥ ከሆነ ግን በርጩማ ላይ ቁጭ ብለሽ ራስሽን ጉልበታቸው መሃል ያስገባሽው ትልቅ ሴት ናቸው። ማጥበቅ ሙያቸው ነው። «እንዲበረክትልሽ ብዬ ነው ልጄ» ይሉሻል፣ ከልባቸውም ነው። ስለዚህ ሳይጀምሩ በፊት ንገሪያቸው። «እትዬ፣ ግንባሬ ስለታመመ ሐኪም ላላ ይበል ብሎኛል፤ ከፊት ያለውንም አይንኩት» በያቸው። ሐኪም የሚለው ቃል ሲገባ ክርክር ያበቃል። ካስፈለገ በእኔ አሳቢ። መጀመሪያ የሚሠሩትን አንድ ቁጥርጥር ከጨረሱ በኋላ ቆም አስደርገሽ ፈትኚው። ቅንድብሽን ወደ ላይ ሳቢ፣ ራስሽን አዙሪ። ቆዳሽ ከተሳበ ያኔውኑ ተናገሪ፤ አርባኛው ላይ ደርሰሽ ብትናገሪ ሰሚ የለም።

ውበት ሕመም አለው ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ሹሩባ ላይ ይህ አይሠራም። ተሠርቶ ማታውን ራስ ካሳመመሽ አሠራሩ ተበላሽቷል። ማስታገሻ ውጠው ተቀምጠው የሚያድሩ ሴቶች አሉ፤ ሦስት ቀን ሲሞላው ይለቃል ይላሉ። ሕመሙ መልቀቁ እውነት ነው። ግን አንዳንዴ የለቀቀው ፀጉሩ ከሥሩ ተላቆ ነው። ሥሩ ላይ ነጫጭ ወይም ቀያይ ጥቃቅን እብጠቶች ካየሽ፣ ወይም ቆዳው ከእያንዳንዱ ሹሩባ ሥር ከፍ ከፍ ብሎ ከታየሽ፣ የሚያመውን ያንን ወዲያው ፍቺ። ሁሉንም መፍታት የለብሽም። ሦስት አራቱን ፈተሽ አላልተሽ ብትደግሚያቸው ማንም አያውቅብሽም።

ለዚህ ነው ከሠርጉ አራት ወይም አምስት ቀን አስቀድመሽ ተሠሪ የምልሽ። ዋዜማ ላይ ከተሠራሽ ለማስተካከል ጊዜ የለሽም፤ ለጓደኞችሽ ፎቶ ስትይ ችለሽው ትቀሪያለሽ። ከመሠራትሽ በፊት ባለው ቀን ፀጉርሽን በሻምፖ ታጠቢና ኮንዲሽነር ቀብተሽ፣ እርጥብ እያለ ከጫፍ ጀምረሽ በሚዶ አፍታቺው። ታኅሣሥና ጥር ደብረ ብርሃን ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ። ስለዚህ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ታጠቢ፤ እስከ 9 ሰዓት ፀሐዩ ያደርቅልሻል። ማታ በትልልቁ ጠምዝዘሽ ካደርሽ ጠዋት ፀጉሩ ዘርጋ ብሎ ለመሠራት ይመቻል። ለመተኮስ አትቸኩይ። የግድ ፎን ካስፈለገ ለብ ባለው ይሁን።

እርጥብ ፀጉር አታሠሪ። ፀጉር ሲረጥብ ይሳባል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እርጥብ ላይ ልክ የነበረው ሹሩባ ሲደርቅ ሥሩን ይዞ ይጠብቃል። ደግሞ በዚህ ብርድ የወፍራም ቁጥርጥር ውስጡ ቶሎ አይደርቅም። ሁለት ቀን አድሮ እርጥብ የሆነ ፀጉር ሽታው ያሳፍራል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። ፀጉር ለማድረቅ ብላችሁ በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ ከሰል ላይ አትቀመጡ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስሽን አዙሮሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎሽ ሳትነቂ ትቀሪያለሽ። በብርድ አገር ይህ ተረት አይደለም። ከሰሉን በረንዳ ላይ አድርጉት፣ ወይም ፀሐይ ጠብቁ።

ቅቤ። እናትሽ አልተሳሳቱም። ጥቅልል ፀጉር ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ እስከ ጫፉ አይደርስለትም፤ ጫፉ ደረቅ ነው። ለጋ ቅቤ ያንን ደረቅ ዘለላ ይሸፍናል፣ እርጥበቱን ይይዛል፣ ሲበጠር እንዳይሰበር ያለሰልሰዋል። ችግሩ የራስ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ሹሩባ ተሠርቶበት ሳይታጠብ ሳምንታት ሲቆይ ነው። ቆዳችን ላይ ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ይኖራል፤ የሚመገበው ስብ ነው። ቅቤ ሲያገኝ ይራባል። ፎረፎር ያለባት ሴት ቅቤ ተቀብታ ማሳከኩ የሚብስባት ለዚህ ነው። አቧራውም አለ። ቅቤ ላይ የተቀመጠ የበጋ አቧራ ሥሩ ላይ ግራጫ ቅርፊት ይሠራል፤ ይህንን ማስለቀቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በዚያ ላይ የአየሩ ነገር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋት ቅቤው ሹሩባው ላይ ነጭ ሆኖ ረግቶ ታገኚዋለሽ። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ናት። 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘሽ፣ ጣርማ በርን ተሻግረሽ ደብረ ሲና ስትደርሺ ጃኬት ታወልቂያለሽ፤ ቆላው ስትገቢ ቅቤው ቀልጦ በአንገትሽ ላይ ወደ ሚዜ ቀሚስሽ ይወርዳል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከመታጠብሽ በፊት ባለው ማታ ለጋውን ቅቤ፣ ጨው ያልነካውንና ያልነጠረውን፣ ፀጉሩን ብቻ ተቀቢ። በሻሽ ሸፍነሽ እደሪና ጠዋት በሻምፖ አውጪው። እናትሽም ደስ ይላቸዋል፣ ፀጉርሽም ይጠቀማል። ሹሩባው ከተሠራ በኋላ ግን ቀለል ያለ ዘይት ይብቃሽ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በጣትሽ ጫፍ፣ ከመሃል ወደ ጫፍ። የኮኮናት ዘይትም ቅዝቃዜ ሲነካው እንደሚረጋ እወቂ፤ እጅሽ ላይ አሙቂው። የጉሎ ዘይት ወፍራም ነው፤ ፀጉር ያበቅላል የሚለው ወሬ አልተረጋገጠም። ለጫፍ ማለስለሻ ከሆነ ይሁን።

ማታ ሻሽ ሳታሥሪ አትተኚ። ጥጥ ትራስ ፀጉር ይፈትጋል፣ ወዙንም ይመጥጣል። ሳቲን ወይም ሐር ይሻላል። ገበያ ላይ ሳቲን በሜትር ይሸጣል፤ አንድ ሜትር ለሻሽም ለትራስ ልብስም ይሆናል። ቋጠሮውን ግንባር ላይ አታድርጊ፣ ከኋላ ይሁን፣ ላላ ይበል። አንኮበር ላይ ሆነው የነገሡት ዳግማዊ ምኒልክም በብዙ ፎቶግራፎቻቸው ሻሽ አሥረው ነው የምናያቸው፤ ስለዚህ አሮጊት መሰልሽ የሚልሽ ካለ መልስ አለሽ።

የሠርጉ ቀን ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ አይቀርልሽም። እስክስታ ከተጨመረበትማ አትጠይቂ። ላብ ጨው አለው፣ ሲደርቅ ያሳክካል። በእስክሪብቶ ወይም በወስፌ አትከኪው፤ ቆዳው ይቆስላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። ንጹሕ ጨርቅ በውሃ ነክረሽ ጨመቅ አድርጊና በመክፈያዎቹ ላይ ተጫን ተጫን እያደረግሽ አብሺው። የሚዜዎች አበባ ወይም ጌጥ ካለ ከኋላ ባለው ቁጥርጥር ላይ ይሰካ፣ ከፊት ምንም አይሰካ። ማታ ሻሽ ከማሠርሽ በፊት ላቡ ይድረቅ።

ተሠርተሽ እያለ መታጠብ ትችያለሽ፤ መታጠብም አለብሽ። በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ። ባዶ ሃይላንድ ውሰጂ፣ ክዳኑን በምስማር ሦስት ቦታ ብሺው። አንድ እጅ ሻምፖ፣ አምስት እጅ ውሃ ቀላቅለሽ አናውጪ። በየመክፈያው ላይ እየረጨሽ በጣትሽ ሆድ እሺው፣ በጥፍርሽ አይደለም። አረፋው ቁጥርጥሩን ተከትሎ ሲወርድ ያጥበዋል፤ ቁጥርጥሩን አትፈትጊው፣ ጫፉ ይፈታል። ደጋግመሽ አለቅልቂ። ሻምፖ ከቀረበት ነጭ ዱቄት ይሆናል፣ ፎረፎር መጣብኝ ብለሽ ትደነግጫለሽ። በፎጣ ተጫኚው፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጪ። ዊግ የተሠራች ጓደኛ ካለችሽና ራሷን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚበላት ከሆነ፣ ዊጉ ላይ የሚቀባው ነገር ሳይስማማት ቀርቶ ይሆናል። ቀጣዩን ዊግ ከመሠራቷ በፊት ውሃና ትንሽ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ አለቅልቃ፣ አድርቃ ትጠቀም።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ ፍቺው። አሁንም ያምራል ብለሽ አትጨምሪ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የእኛ ዓይነቱ ጥቅልል ፀጉር እንዲያውም ትንሽ ያነሰ። ሥሩ ሲያድግ ሹሩባው እየወረደ፣ አዲሱ ፀጉር ላይ እየተንጠለጠለ ይሄዳል። ያደገውም እርስ በርሱ መጠላለፍ ይጀምራል። ሰው ፀጉሩን የሚያጣው ብዙ ጊዜ ሲሠራ ሳይሆን ሲፈታ ነው። እሑድ ከሰዓት ሥራ ሳይኖርሽ ቁጭ በይ። ጫፉን ዘይት ወይም ኮንዲሽነር አስነኪው፣ በጣትሽ ፍቺ። ሥሩ ጋ ስትደርሺ አቧራ፣ ቅባትና የወለቀ ፀጉር ተጠቅልሎ ትንሽ ግራጫ ቀለበት ሠርቶ ታገኛለሽ። ይህችን ቀለበት በሚዶ አትጎትቺ። አንድ ጠብታ ዘይት አድርጊባትና በሁለት ጣትሽ ወዲህ ወዲያ ሳብ ሳብ እያደረግሽ በትኛት። ሁሉም ተፈትቶ፣ ተበጥሮ ሳያልቅ ውሃ አይንካው። ውሃ ከነካው ቀለበቱ ይቋጠራል፣ ከዚያ መቀስ ነው የሚፈታው።

ሚዶሽ ላይ የሚወጣውን ፀጉር አይተሽ እሪ አትበይ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይነቀልበታል። ሹሩባ ውስጥ ሲሆን የሚሄድበት ስለሌለው እዚያው ይጠራቀማል። በሦስት ሳምንት ከ1,000 እስከ 2,000 ገደማ ይሆናል፤ ሲሰበሰብ እፍኝ ይሞላል። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን አንሥተሽ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጪ። አንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ፍሬ ካለበት በራሱ ጊዜ የወደቀ ነው። ፍሬ የሌለውና አጭር የሆነው ከበዛ ግን ፀጉርሽ እየተሰበረ ነው፤ እርጥበት ያንሰዋል ወይም አበጣጠርሽ ይከብደዋል። ከፈታሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት፣ ሳትሠሪ ቆዪ። ቆብ ሥር በአራት በትልልቁ ጠምዝዘሽ ብትገቢ ይበቃል።

ሠርግ ቤት ሕፃናትም ይሠራሉ። አንድ ሚዶ፣ አንድ ወስፌ ከራስ ወደ ራስ ይዞራል፤ ቅማሉም ቆረቆሩም አብሮ ይዞራል። ያንቺን ሚዶ ይዘሽ ሂጂ፣ ለማንም አታውሺ። አንዲት ሕፃን ራስ ላይ ክብ፣ ቅርፊት ያለው፣ ፀጉሩ የተሰባበረበት ቦታ ካየሽ ሹሩባ ተሠርቶበት አይደበቅ። ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፣ ፈንገሱ ከፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ጤና ጣቢያ ይወስዷት። ለቅማል ነጭ ጋዝ የሚቀቡም አሉ። እባካችሁ ተዉ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሳት ከቀረበው ደግሞ አደጋው አይነገርም።

ወደ ራስሽ ስመለስ፣ የሳሳው ቦታ ላይ ነጭ ሽንኩርት አትፈትጊ። ብዙ ሰው ይመክርሻል። ቆዳ ያቃጥላል፤ ያቃጠለው ቆዳ ከጠባሰ ያለሽንም ታጫለሽ። ሚኖክሲዲል የሚባለውን የፀጉር ማብቀያ መድኃኒትም ጓደኛ ስለተጠቀመችበት ብለሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትጀምሪ። በቅርቡ ወልደሽ ከሆነ ደግሞ፣ ከወለዱ ከሁለት እስከ አራት ወር በኋላ ፀጉር በብዛት መውለቁ የተለመደ ነው፤ ያ ጭንቅላቱን ሁሉ ያዳርሳል እንጂ ግንባር ብቻ አይመርጥም፣ ብዙውን ጊዜም በራሱ ይመለሳል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ፀጉር ያሳሳሉ። ድካም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የወር አበባ መብዛት አብሮ ካለ ምርመራ አድርጊ።

ዛሬ የግንባርሽን ፎቶ አንሺ። በየወሩ እዚያው መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት ድገሚ። ሦስት ወር ሳይወጠር ቆይቶ አጫጭር አዲስ ፀጉር ካላየሽ፣ ወይም ከዚያ በፊት ማሳከክ፣ ማቃጠል፣ መግል፣ የሚያብረቀርቅ ቆዳ ከመጣ ሆስፒታል ሄደሽ የቆዳ ሐኪም ጠይቂ። ፎቶዎቹን ያዢ፣ ስንት ዓመት ሪላክሰር እንደተጠቀምሽም ተናገሪ። ስትሄጂ ሹሩባሽን ፈተሽ፣ ታጥበሽ፣ ቅቤም ዘይትም ሳትቀቢ ሂጂ፤ ሐኪሙ የሚያየው ቆዳውን ነው።